የወሊድ ፈቃዷን ጨርሳ ተመለሰች፤ ደመወዟስ የት ገባ?

ነገሩን በምሳሌ እንጀምር። ድሬ ጠያራ ከሶፊና ከኤረር ጋር ከሐረሪ ክልል ሦስት የገጠር ወረዳዎች አንዷ ናት። እዚያ የምታስተምር አንዲት መምህርት አስቡ። ሐረር ከተማ ወርዳ ሆስፒታል ትወልዳለች፣ የሐኪም ወረቀቷን ለርዕሰ መምህሩ ትሰጣለች፣ አራስ ቤት ትገባለች። ደመወዝ ሲገባ የሚመጣው የባንክ ቴክስት ግን ይቀራል። ስትጠይቅ "ከፔሮል ወጥተሻል፣ ስትመለሺ በባክ ፔይመንት ይከፈልሻል" ትባላለች። ትመለሳለች። ክፍያው የለም።

መምህርቷ ምሳሌ ናት። አካሄዱ ግን በየወረዳው ደመወዝ የሚቀበል ሰው የሚያውቀው ነው።

📌 ሕጉ ምን ይላል?

የኢትዮጵያ ሕገ መንግስት አንቀጽ 35 ሴቶች ከሙሉ ደመወዝ ጋር የወሊድ ፈቃድ የማግኘት መብት እንዳላቸው በግልጽ ይናገራል። አዋጅ 1064/2010 ለፌደራል መንግስት ሠራተኞች ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ሰጥቷል፤ ለአባትም 10 የሥራ ቀን። ይህ አዋጅ በ2017 በአዲስ ተተክቷል። ክልሎችም የየራሳቸው የሠራተኞች አዋጅ አላቸው፤ የድሬ ጠያራ መምህርት የምትተዳደረው በክልሏ ሕግ ነው። ሆኖም አዋጅ ቢቀያየርም፣ ክልል ቢለያይም፣ "ከሙሉ ደመወዝ ጋር" የሚለው የተጻፈው ሕገ መንግስቱ ላይ ነው። የትኛውም ጽ/ቤት ሊቀንሰው አይችልም።

ስለዚህ ክርክሩ መብት አለ ወይስ የለም የሚል አይደለም። ጥያቄው ብሩ የት ላይ ይቀራል ነው።

📌 የት ላይ ይቀራል?

አንደኛ፣ በቢሮዎች መሃል። መምህር የሚያስተምረው ትምህርት ቤት ነው፤ ፋይሉ ያለው ትምህርት ጽ/ቤት፣ ደመወዙን የሚከፍለው ደግሞ ገንዘብ ጽ/ቤት። የፈቃድ ደብዳቤው ከሦስቱ አንዱ ጋ ካልደረሰ ስሙ "ፈቃድ ላይ" መባሉ ይቀርና "ቀሪ" ተብሎ ይያዛል። ለቀሪ ደግሞ ደመወዝ ይታገዳል።

ሁለተኛ፣ ሰኔ 30። የመንግስት በጀት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሚያዝያ ላይ የወለደች መምህርት ፈቃዷ የሚያልቀው በጀቱ ከተዘጋ በኋላ ነው። ለሷ የተያዘው ብር ሳይከፈል ዓመቱ ካለቀ፣ በአዲሱ ዓመት የሚሰጣት መልስ "ያለፈው ዓመት ነው፣ በጀት አልተያዘለትም" ይሆናል። ልብ በሉ፦ በጀት አለመያዙ የመሥሪያ ቤቱ ጉድለት ነው እንጂ ዕዳውን አይሰርዘውም። የሱቅ ዱቤ ያለበት ሰው ደብተሩ ስለሞላ ዕዳው አይጠፋለትም።

ሦስተኛ፣ የደመወዝ ጭማሪ። ጥቅምት 2017 ላይ፣ ከዚያም መስከረም 2018 ላይ የመንግስት ሠራተኞች ደመወዝ ተሻሽሏል። ወሊድ ወይም ሕመም ላይ ያለ ሰው ሠራተኛነቱ አልተቋረጠም፤ ማሻሻያው ይመለከተዋል። ዝርዝሩ ሲሠራ ከፔሮል ውጪ የነበረ ሰው ግን በአሮጌው ደመወዝ ሊቀር ይችላል፤ ልዩነቱም በየወሩ ይጠራቀማል።

📌 ለምን አይሰማም?

በ2016 በወላይታ ዞን ደመወዝ በወቅቱ አልተከፈለንም ያሉ መምህራን ሥራ እስከማቆም ደርሰው ነበር። ጉዳዩም በመላ አገሪቱ ተወርቷል። የሁሉም ደመወዝ ሲቀር ትምህርት ቤት ይዘጋል። የአንዷ ሲቀር ግን ትምህርቱ ይቀጥላል፤ እሷ ብቻ ልጇን አዝላ ቢሮ ለቢሮ ትመላለሳለች። በዚያ ላይ የታገደባት ዳይፐር፣ ክትባትና የቤት ኪራይ በተደራረበበት ሰዓት ነው። የታመመ መምህርም እንዲሁ፤ ደመወዙ የሚቆምበት መድኃኒት በሚገዛበት ወር ነው። ከዚያ አንዳንዱ ይደክመውና ይተወዋል። የወረዳው ሒሳብ የሚስተካከለው እንግዲህ በደከመ ሰው ብር ነው።

📌 ምን ማድረግ ይቻላል?

👉 ፈቃድ በቃል አይጠየቅም። ማመልከቻና የሐኪም ወረቀት በሁለት ኮፒ ይሁን፤ በእጃችሁ የሚቀረው ላይ መዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ይጻፍበት። ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ።

👉 ሥራ የጀመራችሁበት ቀን በደብዳቤ ለገንዘብ ጽ/ቤት መድረሱን ራሳችሁ አረጋግጡ።

👉 "በጀት የለም" ከተባላችሁ መልሱን በጽሑፍ ጠይቁ። ያ ወረቀት ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ቀጥሎም ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ማስረጃ ነው። መምህራን ማህበርንም አሳውቁ፤ ከደመወዛችሁ መዋጮ የሚቆረጠው ለዚህ ነው።

⚠️ የግል ትምህርት ቤት መምህራን ከሆናችሁ የሚመለከታችሁ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ነው። የወሊድ ፈቃዱ 30 እና 90 ቀን ከክፍያ ጋር ነው፤ ለአባት 3 ተከታታይ ቀን። የሕመም ፈቃድ እስከ 6 ወር ነው፦ የመጀመሪያው ወር ሙሉ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ከሁሉም በላይ ይህን አትርሱ፦ ያልተከፈለ ደመወዝ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ካልተጠየቀ በይርጋ ይታገዳል። "ዛሬ ነገ" የሚል አሠሪ ቀኑን እየቆጠረ ሊሆን ይችላል።

የወረዳ ሹሞችስ? ከሰኔ በፊት አንድ ሥራ ይበቃል፦ ፈቃድ ላይ ያሉ መምህራንን ስም ከፔሮሉ ጋር ማመሳከር። ድሬ ጠያራን በሚያህል ወረዳ ይህ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ለአራሷ ግን የአራት ወር እንጀራ ነው።