ከአጥር ውጭ የሚታየው የማን ነው?

ክረምቱ ወጥቶ መሬቱ መድረቅ ከጀመረ ወዲህ በሠፈራችን የጥገናና የግንባታ ሥራ በርክቷል። አንዱ አጥሩን ያድሳል፣ ሌላው ቆርቆሮ ይቀይራል፣ ሌላው ደግሞ ግቢውን ጠርጎ በሲሚንቶ ሊሾ ያስደርጋል። ሰው አቅም ሲያገኝ ቤቱን ማሳመሩ የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስወቅሰው አይደለም። ይሁን እንጂ የምንኖረው ጎንደር፣ ያውም በግንቡ ዙሪያ ነውና አንድ ጥያቄ ሳንነጋገርበት ልናልፍ አይገባም። ከአጥር ውጭ የሚታየው የቤታችን ፊት የማን ነው?

«የገዛ ቤቴ ነው፣ ማን ምን አገባው?» የሚል ወገን እንደሚኖር እናውቃለን። ግማሹ እውነት ነው። የቤቱ ውስጥ የባለቤቱ ነው። አጥሩን፣ ጣሪያውንና ደጃፍ ላይ የቆመውን ወይራ ግን ከባለቤቱ ይልቅ አላፊ አግዳሚው ነው የሚያያቸው።

ከተማችን እ.ኤ.አ. በ1636 በዐፄ ፋሲለደስ መናገሻነት እንደተቆረቆረች ልጆቻችንም ያውቁታል። የ900 ሜትር ግንብ የከበበው የፋሲል ግቢ እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ፣ ቀኃ ያለው የፋሲል መዋኛና ቁስቋምም አብረው ገብተዋል። እንግዲህ ከግንቡ ወደ መዋኛው ወይም ወደ ቁስቋም የሚሄድ እንግዳ የሚያልፈው በማን ደጅ ነው? በእኛ ደጅ ነው። ግንቡ ተጠብቆ ዙሪያው ሌላ ከተማ ከመሰለ፣ ቅርሱ እንደ ሙዚየም ዕቃ ብቻውን ቀረ ማለት ነው።

ነገሩ የመልክ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ግንቡ ራሱ ትልቅ ትምህርት ትቶልናል። ኢጣሊያኖች ከተማዋን ይዘው በነበረበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ፣ ጥገና የተደረገው በሲሚንቶና ብረት በገባበት አርማታ ነበር። በጊዜው ጠንካራና ዘመናዊ ሥራ መስሎ ታይቶ ይሆናል። ዳሩ ግን ከ1970ዎቹ ወዲህ በተካሄደው ጥገና ያ ሲሚንቶ እየተነሣ በጥንቱ በኖራ እንዲተካ ተደርጓል። ምክንያቱም ኖራ ይተነፍሳል፤ በዝናብ የጠጣውን እርጥበት በበጋ መልሶ ያወጣል። ሲሚንቶ ግን እርጥበቱን ከውስጥ አፍኖ ያስቀራል፤ የታፈነውም ውኃ ድንጋዩንና ማያያዣውን እየበላ ይኖራል።

በግንቡ ላይ የደረሰው በእኛ ቤት የማይደርስበት ምክንያት የለም። በድንጋይና በጭቃ ወይም በኖራ የተሠራ አሮጌ ቤት ከውጭ በሲሚንቶ ሲለሰን መጀመሪያ ላይ ያምራል። ጥቂት ክረምት ካለፈ በኋላ ግን ልስኑ ያብጣል፣ ይሰነጠቃል፣ በቁራሽ ይወድቃል። የወጣው ገንዘብ ሜዳ ላይ ቀረ ማለት ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እንዲህ ያለውን ነው።

ስለ ዛፍና ስለ ግቢም እንናገር። መዋኛው ዘንድ የሄደ ሁሉ፣ የትልልቆቹ ዛፎች ሥር በግንቡ ላይ ተንሰራፍቶ ድንጋዩን አቅፎ ሲታይ ያውቃል። ለፎቶግራፍ ያማረ ነው፤ ሆኖም ያ ሥር ዛሬ ያቀፈውን ድንጋይ ነገ ሊነቅለው ይችላል። ስለዚህ ባሕር ዛፍም ሆነ ሌላ ሥሩ የሚበረታ ዛፍ ከአሮጌ ግንብ ሥር አይተከል። ቀድሞ የበቀለና ሥሩን በግንቡ ውስጥ የሰደደ ዛፍ ካለም በመጥረቢያ ተቸኩሎ አይጣል፤ ሥሩ ሲበሰብስ ቦታው ባዶ ይቀርና ግንቡ ይናዳል። አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ይየው። ከግንብ ርቆ የቆመ የዕድሜ ባለጸጋ ወይራና ጽድ ግን ምን አጠፋና ይቆረጣል? ለመኪና ማቆሚያ ተብሎ በአንድ ቀን የሚወድቀውን ዛፍ ለመተካት የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃም።

ግቢን ከዳር እስከ ዳር በሲሚንቶ መሸፈንም እንዲሁ ነው። አፈር ይጠጣው የነበረው የክረምት ጎርፍ መሄጃ ሲያጣ ወደ ታችኛው ጎረቤት መሠረት ይሄዳል። አበባና ጌሾ የሚተከልበትን አፈር ከግድግዳ ጋር አስጠግቶ መከመርም ግድግዳውን ዓመት ሙሉ እርጥብ ያደርገዋል። ከግድግዳው ትንሽ ራቅ ማድረግ፣ አሸንዳ ማበጀትና የቦዩን አፍ ከጎረቤት ማዞር ብዙ ወጪ የለውም።

ይህን ሁሉ ስንል የነዋሪውን ችግር ዘንግተን አይደለም። ጣሪያው የሚያፈስበት ሰው «ቅርስ ይጠበቅ» ተብሎ በዝናብ ሊደበደብ አይገባም። ሲሚንቶ ከሱቅ ተገዝቶ በዚያው ቀን ይለሰናል፤ ኖራ ግን በውኃ ርሶ መቆየት፣ ሥራውን የሚያውቅ ግንበኛም መፈለግ አለበት። ያ ሁሉ ወጪ በአንድ ጡረተኛ ወይም በአንዲት ልጆች አሳዳጊ እናት ትከሻ ላይ ከወደቀ፣ ቅርስ ጥበቃ የድሃ ቅጣት ይሆናል። በግድ የሚጠበቅ ነገር ደግሞ ዘበኛው ዞር ሲል ይፈርሳል።

ሕጉን በሚመለከት፣ በቅርስ ላይ የሚደረግ ጥገና አስቀድሞ ፈቃድ እንደሚያስፈልገው፣ የተከለለ የቅርስ ቦታ ላይም ያለ ፈቃድ መገንባት እንደማይቻል ዐዋጅ ቁጥር 209/1992 ደንግጓል። ነዋሪው ይህን ማክበር አለበት። ፈቃድ ሰጪውም ወገን የራሱ ድርሻ አለበት። «ነገ ና» እየተባለ የከረመ ሰው መጨረሻ ላይ በሌሊት ይገነባል። ባይሆን እንኳ የማይፈቀደው ለምን እንደማይፈቀድ፣ በምትኩ ምን ማድረግ እንደሚቻል በአጭር ጊዜ ይነገረው።

ስለዚህ ማኅበራችን የሚከተለውን ሐሳብ ያቀርባል።

አንደኛ፣ ከውጭ የሚታይ ነገር ለመለወጥ ያሰበ ሁሉ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ለኮሚቴው ይንገር። ይህ ፈቃድ መጠየቅ አይደለም፤ መመካከር ነው። ሳይቃጠል በቅጠል።

ሁለተኛ፣ ሊመለስ የሚችለውንና የማይችለውን እንለይ። ቀለም ቢበላሽ እንደገና ይቀባል፣ የላሜራ በርም ይነሣል። የፈረሰ የድንጋይ አጥር፣ የተቆረጠ ዛፍ፣ በሲሚንቶ የታፈነ ግድግዳ ግን በቀላሉ አይመለስም። ጥንቃቄያችን በዚህኛው ላይ ይበርታ።

ሦስተኛ፣ ከፈረሰ አጥርና ቤት የሚወጣ ጥርብ ድንጋይ፣ የጥንት ሳንቃና መዝጊያ ለውጭ ከመሸጡ በፊት ለጎረቤት ይቅረብ። አንዱ የጣለው ለሌላው መጠገኛ ይሆናል።

አራተኛ፣ ኖራ በጋራ ገዝተን በአንድ ቦታ እናዘጋጅ፤ ኖራ ሥራ የሚያውቁ አዛውንት ግንበኞቻችንም ከወጣቶቹ ጋር አብረው ይሥሩ። ለብቻ የከበደው ለአሥር ሲካፈል ይቀላል፤ ሙያውም ከሰዎቹ ጋር አይቀበርም።

ውድ ነዋሪዎች፣ የፋሲልን ግንብ የሚጠብቀው የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የእኛን ሠፈር መልክ የሚጠብቅ ግን ከእኛ ሌላ ማንም የለም። በሚቀጥለው የማኅበሩ ስብሰባ አራቱ ሐሳቦች ለውይይት ይቀርባሉ። የሚቃወምም የሚደግፍም ይምጣና ይናገር። እስከዚያው ድረስ ግን መጥረቢያና ዲጂኖ ያነሣችሁ ጎረቤቶቻችን ለጥቂት ቀን ብትታገሡን እናመሰግናለን።