ዛጎል የዓሣ ኩሬን ውኃ ያጠራል? ወረዳዎችና አርቢዎች ከመጀመራቸው በፊት ሊያዩት የሚገባ

የዓሣ እርባታ ከሐይቅና ከወንዝ ዳር አልፎ ወደ አርሶ አደሩ ጓሮ እየገባ ነው። በ2015 ዓ.ም ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ከወተት፣ ከዶሮና ከማር ጎን ለጎን ለዓሣ በር ከፍቷል። ይሁን እንጂ ኩሬ መቆፈርና ጫጩት መጨመር የሥራው መጀመሪያ ብቻ ነው። የአርቢው ፈተና የሚመጣው ከወራት በኋላ ዓሣው ሲያድግ፣ መኖው ሲበዛና ውኃው ሲበላሽ ነው።

ወደ ኩሬ የሚጣል መኖ ሁሉ ሥጋ አይሆንም። ያልተበላው ይበሰብሳል፤ ከተበላውም ከፊሉ በዓይነ ምድርና በአሞኒያ መልክ ተመልሶ ወደ ውኃው ይገባል። ይህ ለአልጌ ማዳበሪያ ስለሚሆን ውኃው አረንጓዴ ይሆናል። አልጌ ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ሌሊት ግን እንደ ዓሣው ሁሉ ኦክስጅን ይጠቀማል። በጣም የበዛበት ኩሬ ንጋት ላይ ኦክስጅን ያጥረዋል። ዓሦች ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ የሚታየውም በዚህ ሰዓት ነው። ቶሎ ካልተደረሰ የወራት ልፋት በአንድ ሌሊት ሊጠፋ ይችላል። ውኃው ተለቆ ወደ ወንዝ ሲገባ ደግሞ ችግሩ ከታች ከብት ለሚያጠጣውና መስኖ ለሚጠቀመው ጎረቤት ይተርፋል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ተብለው ከሚነሱት አንዱ በጨው አልባ ውኃ ውስጥ የሚኖር ባለሁለት ክዳን ዛጎል ነው። እንስሳው በሁለት ጠንካራ ክዳኖች መካከል ይኖራል፤ ውኃውን በአንድ በኩል ስቦ፣ አልጌውን፣ ባክቴሪያውንና ደቃቅ ብናኙን አስቀርቶ፣ የጠራውን በሌላ በኩል ያስወጣል። እንደ ዝርያው፣ እንደ መጠኑና እንደ ውኃው ሙቀት ቢለያይም፣ አንድ የጎለመሰ ዛጎል በቀን ከጥቂት ሊትር እስከ 40 ሊትር ውኃ ሊያጣራ ይችላል። መኖም ሆነ ኤሌክትሪክ ስለማይጠይቅ ሐሳቡ ለአነስተኛ አርቢ የሚስብ ነው።

ሐሳቡ በተግባርም ታይቷል። በቻይና ለሉል ምርት የሚረቡ ዛጎሎች በመረብ ቅርጫት ተደርገው፣ ካርፕ ከተባሉ የዓሣ ዝርያዎች ጋር በአንድ ኩሬ ይያዛሉ። ከዚያው የተገኘው ትምህርት ግን ሁለት ገጽ አለው። አንዳንድ አርቢዎች ዛጎሉ ቶሎ እንዲያድግ ብለው ፍግና ማዳበሪያ ወደ ውኃው በመጨመራቸው ሐይቆችና ወንዞች ተበክለዋል፤ በዚህም ምክንያት የተወሰኑ የአገሪቱ አካባቢዎች በዛጎል እርባታ ላይ ገደብ ጥለዋል። ዛጎል ስለተጨመረ ብቻ ውኃ አይጠራም፤ አያያዙ ይወስነዋል።

ስሌቱ ምን ይላል?

20 ሜትር ርዝመት፣ 10 ሜትር ስፋትና 1 ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ 200 ሺህ ሊትር ውኃ ይይዛል። አንድ ዛጎል በቀን 20 ሊትር ያጣራል ቢባል፣ 500 ዛጎሎች በቀን የሚያጣሩት 10 ሺህ ሊትር ነው። የኩሬውን ውኃ አንድ ጊዜ ለማዳረስ 20 ቀን ይፈጅባቸዋል። በሞቃት ወቅት አልጌ በጥቂት ቀናት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ስለሚችል ይህ ቁጥር አይደርስበትም። ከመጠን በላይ መኖ የሚጣልበትን ኩሬ በጥቂት ዛጎሎች አጠራለሁ ማለት ቀዳዳ እንስራ እንደመሙላት ነው።

ሌላው መታወቅ ያለበት፣ ዛጎል ቆሻሻን ከኩሬው አያወጣም። ያጣራውን ከፊሉን ይበላል፤ ቀሪውን አጣብቆ ወደ ወለል ይጥለዋል። ወለሉ ላይ የተጠራቀመው ደለል በየጊዜው ካልወጣ እዚያው ይበሰብሳል። ዛጎሉ ራሱም ኦክስጅን ይተነፍሳል፤ አሞኒያም ያስወጣል። ስለዚህ ኦክስጅን ያጠረውን ወይም አሞኒያ የበዛበትን ኩሬ አያድንም። ከሞተና ሳይታይ ከበሰበሰ ደግሞ ችግሩን ያባብሳል።

ለክልላችን አርቢ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው የቆሮሶ ጉዳይ ነው። ቆሮሶ አልጌ ይመገባል። በፍግ በሚለማ ኩሬ ውስጥ ልከኛ አረንጓዴ ውኃ ጉድለት ሳይሆን መኖ ነው። በእንዲህ ያለው ኩሬ ውስጥ ብዙ ዛጎል መጨመር ውኃውን ያጠራ ይሆናል፤ የዓሣውን ምግብ ግን ይሻማል። አርቢው የጠራ ውኃና የከሳ ዓሣ ይዞ ይቀራል።

ታዲያ ዛጎል የት ይጠቅማል? የተሻለው ቦታ ከዋናው ኩሬ ውጪ፣ ውኃው በሚለቀቅበት በኩል ነው። በመውጫው ቦይ ላይ አነስተኛ ማጥለያ ኩሬ ተዘጋጅቶ ደለሉ መጀመሪያ ይዘቅጣል፤ ቀጥሎ ዛጎሉ ደቃቁን ያጣራል። በጂኦሜምብሬን በተነጠፈ ኩሬ ውስጥ ዛጎሉ የሚቀበርበት አፈር ስለሌለ አሸዋ የያዘ ሳጥን ወይም የመረብ ቅርጫት ያስፈልገዋል። ከዚህ የወጣው ውኃ ለሽንኩርት፣ ለጎመንና ለቲማቲም መስኖ ቢውል በውስጡ የቀረው ንጥረ ነገር ለአትክልቱ ማዳበሪያ ይሆናል። ወለል ላይ የቀረው ደለልም ተዝቆ ወደ ማሳ ሊወሰድ ይችላል።

የማይመለስ ስህተት

ትልቁ አደጋ ዛጎሉ ከየት ይመጣል የሚለው ነው። በጣና ሐይቅም ሆነ በዓባይ ወንዝ ነባር ባለሁለት ክዳን ዛጎሎች አሉ። ከውጭ የሚገባ ዝርያ ግን ከኩሬ አምልጦ ወንዝ ከገባ በኋላ መሰብሰብ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1988 በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች የተገኘው የሜዳ አህያ ዓይነት መስመር ያለው ትንሽ ዛጎል ከሌላ አህጉር በመርከብ ውኃ የመጣ ነው። የመጠጥ ውኃና የኃይል ማመንጫ ቱቦዎችን ደፍኗል፤ ነባር ዛጎሎችንም አጥፍቷል። መጤ ዝርያ ምን እንደሚያደርግ ለጣና ዙሪያ ነዋሪ መንገር አያስፈልግም፤ እምቦጭ አሳይቶታል።

ከሐይቅ ዳር እየለቀሙ ወደ ኩሬ መውሰድም ጥንቃቄ ይሻል። ከዛጎሉ ጋር ቀንድ አውጣ አብሮ ሊገባ ይችላል፤ የቢልሃርዚያ አስተላላፊውም ከቀንድ አውጣ ወገን እንጂ ባለሁለት ክዳኑ ዛጎል አይደለም። የአብዛኞቹ ዛጎሎች እጭ ለጊዜው በዓሣ መተንፈሻና ክንፍ ላይ ተጣብቆ ስለሚያድግ፣ ከበዛ ጫጩቶችን ይጎዳል። ዛጎል ዝግ ብሎ የሚያድግ በመሆኑም ከአንድ ቦታ በብዛት ከተለቀመ ቶሎ አይተካም። በተጨማሪም ፀረ ተባይና ከባድ ብረት በአካሉ ያጠራቅማል። መዳብ ያለበት መድኃኒት ደግሞ ይገድለዋል።

ስለሆነም ወረዳዎች ዛጎልን እንደ አንድ የሚታደል ፓኬጅ ከመቁጠር ሊቆጠቡ ይገባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደሚባለው፣ ሳይሞከር የተሰራጨ ቴክኖሎጂ ለአርሶ አደሩ ኪሳራ፣ ለወረዳውም የማይታረም ጥፋት ይሆናል። አካሄዱ በነባር ዝርያ ብቻ፣ ከባሕር ዳር የዓሣና ሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል ጋር በመመካከር፣ ጎን ለጎን ባሉ ሁለት ኩሬዎች ቢጀመር ይመረጣል። አንዱ መውጫው ላይ ዛጎል ይኑረው፤ ሌላው አይኑረው። የውኃው ጥራት፣ የዓሣው ክብደትና የሞተው ብዛት ይመዝገብ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛውም የኩሬ ቁጥር ብቻ ሳይሆን ይህን መዝገብ ለወረዳው ቢያቀርብ ውሳኔው በመረጃ ይደገፋል።

አርቢው ግን የሙከራውን ውጤት ሳይጠብቅ ዛሬ ሊያደርገው የሚችለው ነገር አለ። ዓሣው በ15 እና በ20 ደቂቃ ውስጥ ከሚጨርሰው በላይ መኖ አለመጣል አንዱ ነው። ክንድን ወደ ውኃ አስገብቶ ማየትም ሌላው ነው፤ ውኃው ክርን ሳይደርስ መዳፍ ከዓይን ከተሰወረ አልጌው በዝቷልና ፍግና መኖ ይቀነሳል፤ ከታች ያለው ውኃም በከፊል ተለቅቆ በንጹሕ ይተካል። ንጋት ላይ ኩሬውን መጎብኘት ችግሩን ቀድሞ ለማወቅ ይረዳል። ውኃው የደፈረሰው በጎርፍ አፈር ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ከኩሬው በላይ ሣር መትከልና ጎርፉን መቀልበስ ነው፤ ዛጎልም በጭቃ ውኃ ክዳኑን ዘግቶ ይቀመጣል እንጂ አይሠራም።

በመኖ፣ በዓሣ ብዛትና በውኃ ቅያሪ በሚገባ በተያዘ ኩሬ መውጫ ላይ ዛጎል ጥሩ ረዳት ሊሆን ይችላል። ባልተያዘ ኩሬ ውስጥ ግን ከዓሣው ጋር አብሮ የሚሞት ሌላ እንስሳ ነው።