ስሜንና የሃምሳ ሰው ሸክም

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይላል ያገራችን ሰው ሲተርት። ይህ ተረት ለስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የተተረተ ይመስለናል።

ስሜን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 ከላሊበላ ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ከሰፈሩት ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ነው። ዳሩ ግን እርሻውና ግጦሹ እየገፋ፣ ዋልያውም እየተመናመነ ስለ ሄደ በ1996 አደጋ ካንዣበበባቸው ቅርሶች ጋር ተጻፈ። ስሙ ከዚያ የተፋቀው ከ21 ዓመት በኋላ፣ በ2017 ነው። ለዚህም የመንግሥት ጥረትና የውጭ ወዳጆች ርዳታ ተባብረዋል።

ሆኖም ከሁሉ የከበደውን ድርሻ የተሸከመው ገበሬው መሆኑን መዘንጋት አይገባም። ግጦሹ እንዲቀንስ ሲባል የግጭ መንደር ነዋሪዎች በ2016 ካረሱት መሬት ተነሥተው ደባርቅ ሠፍረዋል።

እንግዲህ ዓለም ስለ ዋልያው የሚያስብ ከሆነ፣ ለዋልያው ሲል ቤቱን የለቀቀውንም ሰው ሊያስብ ይገባዋል። አገር ጎብኚ የሚከፍለው ገንዘብ ከመንገድ መሪውና ከበቅሎ አከራዩ አልፎ ለእነዚህ ሰዎች ልጆች ትምህርትና ሥራ ካልደረሰ፣ ትብብሩ የወረቀት ትብብር ሆኖ ይቀራል።

እኛ ወጣቶች ዛሬ ባንሆን ነገ በየመሥሪያ ቤቱ ተቀምጠን ከውጭ አገር ጋር የምንዋዋል ነን። ስለዚህ ብዕራችንን ከማንሣታችን በፊት «ከዚህ ውል ለደባርቅ ሰው ምን ይደርሰዋል?» ብለን እንጠይቅ። ሎሚው በእውነት ጌጥ የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።