«ጎበዝ» ማለት ብቻ አይበቃም

ከጅማ፣ መንደራ ቆጪ የጻፍሽልን የ16 ዓመቷ እህታችን፣ ደብዳቤሽ ደርሶናል። እናትሽ በስትሮክ አልጋ ላይ ከዋሉ ዓመት አልፏቸዋል። እሳቸውን አጥበሽ፣ አብልተሽ ትምህርት ቤት የምትደርሺው ሁለት ፔሬድ ካለፈ በኋላ ነው። ጎረቤቱ ሁሉ «ጎበዝ ልጅ!» ይልሻል፤ ተራ ገብቶ የሚያግዝሽ ግን የለም። «ትምህርቴን ልተወው ወይ?» ብለሻል።

እኛ አትተዪው እንላለን! እናትን መጦር ያስመሰግናል፤ ብቻሽን መሸከሙ ግን ግዴታሽ አይደለም። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 36 ልጅ ትምህርቱን የሚጎዳ ሥራ እንዲሠራ አይገደድም ይላል። ስለዚህ ለስም ጠሪ መምህርሽ ሳታፍሪ ንገሪ። የእድሩን ዳኛ ጠዋት ጠዋት ተረኛ እንዲመድቡልሽ ለምኚ፤ እድር ለቀብር ብቻ ነው ያለው ማነው? በ2009 ዓ.ም. በ11 ከተሞች የተጀመረው የከተማ ሴፍቲኔት መሥራት ለማይችሉ ሰዎች ቀጥታ ድጋፍ አለው፤ እናትሽ መመዝገብ ይችሉ እንደሆነ ቀበሌ ሄደሽ ጠይቂ።

እናንተ ጎረቤቶችስ? ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው!