የአካል ጉድለት ይዞ ስለሚወለድ ግልገል

በአርሲ ደጋ፤ በሮቤና በአካባቢው፤ በግ ለባላገር ቤት የቅርብ ገንዘብ ነው። የልጅ ልብስ ሲያስፈልግ፤ ወደ ሐኪም ቤትም ሲኬድ፤ አስቀድሞ የሚሸጠው እርሱ ነው። ስለዚህ ግልገል እግሩ ተጣሞ ወይም ከንፈሩ ተሰንጥቆ የተወለደ እንደ ሆነ የባለቤቱ ኀዘን ቀላል አይደለም። አንዳንዱ የዐይን ነገር ነው ይላል፤ አንዳንዱም እናቲቱን ወዲያው ወደ ገበያ ይነዳታል። እኛ ግን ምክንያቱን መመርመር ይቀድማል እንላለን።

ምክንያቱ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው በዘር የሚወረስ ነው። አውራ በግ በመንጋው ውስጥ ብዙ ዘመን የቈየ እንደ ሆነ የገዛ ልጆቹን ያጠቃልና፤ በወላጆቹ ተሰውሮ የኖረው ጉድለት በግልገሉ ላይ ተገናኝቶ ይገለጣል። በደቡብ አሜሪካ ተራራዎች የሚረባው አልፓካ የተባለው ባለጠጕር እንስሳም አንዳንድ ጊዜ የአፍንጫው መንገድ በውስጥ ተደፍኖ ይወለዳል፤ ሊቃውንቱም ዘርን ይጠረጥራሉ።

ሁለተኛው በእርግዝና ጊዜ እናቲቱን ከሚያገኛት ነገር የሚመጣ ነው። በመኖዋ መዳብ ያነሰ እንደ ሆነ የግልገሉ ኅብለ ሰረሰር ይጐዳል፤ የኋላ እግሩም አይታዘዝለትም። ይህ በሽታ በአገራችን ስምጥ ሸለቆ በበግና በፍየል ግልገሎች ላይ መታየቱ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1980 ዓ.ም. በታተመ ጥናት ተገልጧል። አልቤንዳዞል የተባለው የትል መድኃኒትም በተጠቃች በመጀመሪያው ወር የተሰጣት እንደ ሆነ ፅንሱን ሊያበላሽ ይችላል።

ታዲያ በምን ይለያል? መኖው አንድ ሆኖ ሳለ ጉድለቱ በአንድ አውራ ልጆች ላይ ብቻ ቢደጋገም አውራው ይጠረጠራል። በአንድ ወራት ከልዩ ልዩ አውራ የተወለዱት ብዙዎቹ ቢጐዱ ግን መኖውንና መድኃኒቱን መመርመር ነው። ስለዚህ እመቤቲቱ፤ ፊደል የቈጠረ ልጅ በቤት ካለ፤ በጊቱ የተጠቃችበትን ቀንና የተሰጣትን መድኃኒት በደብተር ታስጽፍ።

አውራውንም ሴት ልጆቹ ለመጠቃት ሳይደርሱ ከሩቅ መንደር አውራ ጋራ መለዋወጥ መልካም ነው። ጉድለት የሚያወርሰውን ግን ለጐረቤት ማስተላለፍ ነውር ነውና ተቀጥቅጦ ሙክት ይሁን። መዳብንም በግምት ከመስጠት መጠንቀቅ ነው፤ ሲበዛ በግን ይገድላልና፤ የእንስሳት ሐኪም ሳይጠየቅ አይሰጥ።