ሜዳሊያ መቁጠሩን ተዉት

በጠረጴዛ ቴኒስ የምንጊዜም ምርጡ ፎርሃንድ የማን ነው ሲባል ሁሉም «ማ ሎንግ» ብሎ ይዘጋዋል። ለምን ስትሉት ሜዳሊያ ይቆጥርላችኋል፦ ሁለት የኦሎምፒክ ነጠላ ወርቅ፣ በ2015፣ በ2017 እና በ2019 የዓለም ሻምፒዮና። ይሄ እኮ መልስ አይደለም። ማ ሎንግ በሰርቪሱም፣ በባክሃንዱም ያሸንፋል። ፎርሃንዱ ቢደክም የሚይዘው ሌላ ነገር አለው።

እኔ ሪዩ ሱንግ-ሚን ነው የምለው። ደቡብ ኮሪያዊው ራኬቱን የሚይዘው እንደ እስክሪብቶ ነው፤ የሚመታውም በአንዱ ፊት ብቻ። በግራው የመጣችበትን ኳስ ገፋ አድርጎ ይመልሳታል እንጂ በባክሃንድ አሽከርክሮ ማጥቃት አይሆንለትም። ስለዚህ ይሮጣል። ግራ ጥግ ድረስ ወጥቶ በፎርሃንድ ይመታል፤ ቀኙ ባዶ ይቀራል፤ ተመልሶ ይሮጥና እዚያም በፎርሃንድ! የአቴንስ 2004ን ፍጻሜ ፈልጋችሁ እዩት። ከፊቱ የቆመው ዋንግ ሃኦ በዚያው አያያዝ፣ ግን በራኬቱ ጀርባ ጭምር የሚያጠቃ፣ ማለትም ይህን ችግር የፈታ ቻይናዊ ነው። ሪዩ 4 ለ 2 አሸነፈው።

«ዋንግ ሃኦ በሌላ ጊዜ ደጋግሞ አሸንፎት የለ?» ትሉ ይሆናል። አዎ፣ አሸንፎታል። እግሩ ትንሽ ከዘገየ አለቀለት፤ የአያያዙ ዋጋ ነው። ለምርጥ ተጫዋችነት ማ ሎንግን ውሰዱት፣ አልከራከርም። ሪዩ ግን ያለ ፎርሃንዱ አቴንስ ላይ አንድ ጌም እንኳ የሚወስድ አይመስለኝም። ስለ ማ ሎንግ እንዲህ ለማለት የሚደፍር ካለ ይምጣ።