በየቤቱ ስለሚታዩ የቀድሞ ፊልሞች

የባሌ ደጋ ብርድ የታወቀ ነው። በጎባና በሮቤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በውጭ የሚቆይ ሰው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ቤተ ሰብ ሁሉ ከእሳቱ ዙሪያ ተሰብስቦ የገብስ ቆሎውን እየቆረጠመ ቴሌቪዥን ያያል። በዚህ ሰዓት ስለሚታዩት አሮጌ ፊልሞች የሚሰማንን ዛሬ ለመናገር እንወዳለን።

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። በዚያው ዘመን ግድም «ሂሩት አባቷ ማነው» የተባለው ፊልም ተሠራ። ብዙዎች የሚያመሰግኑት በቀዳሚነቱ ነው፤ እኛ ግን ርእሱ ራሱ ጥያቄ በመሆኑ እንወደዋለን። አንዳንድ አባት ከልጆቹ ጋር ተቀምጦ ይህን ጥያቄ ሲሰማ ጋቢውን አስተካክሎ ከብቶቹን ለማየት ይወጣል። ከብቶቹ ግን በዚያ ሰዓት ምንም አይሆኑም።

የሚሼል ፓፓታኪስ «ጉማ» ለባሌ ሰው ትርጓሜ አያሻውም፤ ጉማ በኦሮምኛ የደም ካሳ ነውና። ሽማግሌ ባለበት ቤት ይህን ፊልም በጸጥታ መጨረስ አይቻልም፤ «በእኛ ዘንድ እንዲህ አይደለም» እያለ ያርማል። እርማቱ ከፊልሙ ይልቅ ይጣፍጣል።

ከሁሉ የሚከብደው የኃይሌ ገሪማ «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» ነው። የተቀረጸው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1974፥ ይኸውም በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ከመውጣቱ በፊት ነው። ጥቁርና ነጭ ነው፤ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ይፈጃል። ወጣቶች ይዘገያል ይላሉ። የእርሻ ሥራ እንዴት ይፍጠን? እኛ የምንነቅፈው የባላባቱን ባሕርይ ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ የተሣለ ይመስለናል።

በጎባ በአንድ ቤት ይህን ፊልም ስናይ፥ የጌታው አያት ባለ ርስት፥ በእንግድነት የተጠሩት ጎረቤት አባት ደግሞ ጭሰኛ ነበሩ። የመሬትና የግብር ነገር ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ባሌን ለዐመፅ ካነሣሡት ምክንያቶች አንዱ እንደ ነበረ ሁለቱም ያውቃሉ። እብዱ ከበበ በባላባቱ ላይ በትሩን ባነሣ ጊዜ የቤቱ ጌታ ሊያጠፉት እጃቸውን ዘረጉ። ጎረቤቱም፥ «ይተዉት ጌታዬ፥ ልጆቹ ይዩት» አሉ። ቴሌቪዥኑ አልጠፋም።

ፊልሙ ሲያልቅ የቤቱ ትንሽ ልጅ፥ «አያታችን ከእርሳቸው አባት ስንት ይወስድ ነበር?» ብላ ጠየቀች። እናቲቱ ልትቆጣት ስትል አባትዮው ከለከሏትና፥ ወደ እንግዳው ዘወር ብለው፥ «እርስዎ ይንገሯት፤ እኔ የሰማሁት በእኛ በኩል ያለውን ብቻ ነው» አሉ። እንግዳውም ወንበራቸውን ወደ ልጅቱ አስጠጉ። ቡናው ሁለተኛ ተፈላ።